የሳን አማሮ አሥራ ስድስት ዳዶዎች

ባልቢኖ ሎውሬይሮ በፌሮል ወደብ፣ በጦር መርከቦች መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። በስሙ የምትጠራው ግን ሚስቱ ብቻ ነበረች ማለት ይቻላል። ሌላው ሰው፣ ከመርከበኛው እስከ በር ጠባቂው፣ «የለም» ነበር የሚለው። ዕቃ ፈልጎ የመጣ ሰው በመስኮቱ ፊት ቆሞ ወረቀቱን ገና ሳይዘረጋ፣ ባልቢኖ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ «የለም» ስለሚል ነው።

«እንዴት አደርክ የለም? ዛሬስ የሌለው ምንድን ነው?» ይሉታል።

«ላንተ የሚሆን ጭንቅላት። ካዘዝኩልህ ሁለት ዓመት ሆነው፤ እስካሁን አልመጣም።»

ቀልድ ይሁን እንጂ የሚለው እውነቱን ነበር። መጋዘኑ የሚያገለግላቸው ደስትሮየር የሚባሉ አሮጌ የጦር መርከቦች ሁለት ነበሩ፤ ሳን አማሮና ሳንታ ኮምባ። በአንድ ንድፍ የተሠሩ፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አሜሪካኖች በትልቁ ጦርነት ማብቂያ ሠሯቸው፣ ሩብ ምዕተ ዓመት በየውቅያኖሱ ነዷቸው፣ ጉልበታቸው ሲዝል ደግሞ ቀለም ቀብተው ለፌሮል አስረከቧቸው። ከመርከቦቹ ጋር ሦስት መቶ የእንጨት ሣጥን መለዋወጫ መጣ። ባልቢኖ ያኔ ጎልማሳ ነበር። እንግሊዝኛ ባያውቅም በየሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንደ ዳዊት በቃሉ ያዘው። የትኛው ቀለበት ለየትኛው ፓምፕ፣ የትኛው ቡሎን ለየትኛው ቧንቧ እንደሆነ ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት ይናገር ነበር።

ከዚያ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ያንን ዓይነት መርከብ ከአገልግሎት አወጡ። ፋብሪካው ሌላ ነገር መሥራት ጀመረ። ከወደቡ ደብዳቤ በተጻፈ ቁጥር የሚመጣው መልስ አንድ ሆነ፦ መሠራቱ ቆሟል። ሣጥኖቹ አንድ በአንድ ተከፍተው ባዶ ቀሩ። በመጨረሻ ሳንታ ኮምባን ከሩቁ የመርከብ ማቆሚያ መድረክ አስረው ለእህቷ መለዋወጫ አደረጓት። እንደ ቅርጫ በሬ ብልት በብልት ተከፋፈለች፤ መጀመሪያ ፓምፖቿ፣ ቀጥሎ ቧንቧዎቿ፣ በኋላ የበር ማጠፊያዋ ሳይቀር። ባልቢኖ ባትሪና መፍቻ ይዞ በዝገቱ መካከል ሲሽሎከለክ ስንት ክረምት አሳለፈ።

በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ልማድ ነበረው። ምልክት የሌለው ብረት እጁ ከገባ ዝም ብሎ አይሰጥም። ከቀበቶው በሲባጎ ያንጠለጠላት ትንሽ ማግኔት አለችው፤ እሷን ያስጠጋል። ከተጠራጠረም በሞረድ ጫር አድርጎ ውስጡን ያያል። «ብረት እንደ ሰው ነው፤ ቀለሙን አትመን» ይል ነበር።

የሚስቱ የኦብዱሊያ ታላቅ ወንድም ፋውስቲኖ ኦውቴይራል ደግሞ የሳን አማሮ የቦይለር፣ ማለትም የእንፋሎት ማፍያው፣ ክፍል አለቃ ነበር። አባታቸው ባሕር በልቶት ሲቀር ፋውስቲኖ አሥራ አራት ዓመቱ፣ ኦብዱሊያ አራት ዓመቷ ነበር፤ እሱ ነው ያሳደጋት። የሚኖረው ከወደቡ ማዶ ሙጋርዶስ ነው። ሚስቱ ጄኔሮሳ እዚያው ገበያ ዓሣ ትሸጣለች። ድምፁ ወፍራም፣ ሳቁ ጎረቤት የሚጠራ፣ እጁ በእንፋሎት ጠባሳ የተዥጎረጎረ ሰው ነበር። ባልቢኖ ወንድም ስላልነበረው፣ ማንንም እንደ ፋውስቲኖ አይወድም።

እንደ ፈረንጆቹ በየካቲት 1986፣ ቅዳሜ ቀን፣ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ይደበድበዋል። ባልቢኖ መዝገቡን ቆልፎ ካፖርቱን ሲለብስ ፋውስቲኖ ውኃ እየተንጠባጠበበት ገባ።

«የለም፣ ወንድሜ፣ አልቆልኛል።»

«ምን ሆንክ?»

«ዋናው የእንፋሎት ቫልቭ ያፈስ ነበር፤ ከፍተን ጠገንነው። አሁን ክዳኑን የሚይዙት ዳዶዎች ጥርሳቸው አልቋል። መፍቻው ይዞራል፣ ዳዶው አይጠብቅም። አሥራ ስድስት ያስፈልገኛል።»

«ታውቀዋለህ እኮ። የለም።»

«ሳንታ ኮምባ ላይስ?»

«አምና በሰኔ ራስህ ነህ የፈታሃቸው። አሁን ያለቁብህ እነሱ ናቸው።»

ፋውስቲኖ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ባልቢኖ እንዲህ ሆኖ አይቶት አያውቅም።

«የመርከቧ አዛዥ ኮማንደር ቤልትራን ጠዋት ጠርቶኝ ነበር» አለ። «ሰኞ ካልወጣች ሳን አማሮም እንደ እህቷ ትታሰራለች አለኝ። ከላይ ያሉት ምክንያት ነው የሚፈልጉት። ልጆቹን ይበትኗቸዋል፤ እኔን በጡረታ ያሰናብቱኛል። እኔ ከቦይለር ሌላ ምን አውቃለሁ? ጄኔሮሳ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሰርዲን ልቁጠር?»

ባልቢኖ ካፖርቱን አወለቀ። መሰላል አቁሞ የላይኛውን መደርደሪያ በረበረ፤ ከዚያ ተንበርክኮ የታችኛውን። ከጥግ፣ ከተቀደደ የቆዳ ቀበቶ ሥር፣ አንድ የቡና ቆርቆሮ አገኘ። ከዓመታት በፊት ከአንድ የፈረሰ ሣጥን ለቃቅሞ ያስቀመጠው ነው። ውስጡ ጥቋቁር ዳዶዎች አሉ። አንዱን አውጥቶ በቡሎን ላይ ሞከረው፤ ልክክ ብሎ ገባ። ቆጠራቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። የብረት ዓይነታቸውን የሚያሳይ ምልክት ግን የላቸውም።

ቀና ሲል ፋውስቲኖ በእጁ ያለውን እያየ ነበር። የሰውየው ፊት እንደ ሕፃን ተከፍቷል።

«አለ?»

«አለ» አለ ባልቢኖ።

ፋውስቲኖ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ አቅፎ ከመሬት አነሳው። «ስሙ ሰዎች! የለም ‹አለ› አለ! ይህን ቀን ካላንደር ላይ በቀይ እጽፈዋለሁ!»

ባልቢኖም ሳቀ። ማግኔቷ ከቀበቶው ላይ ነበረች። ሞረዱ ከጠረጴዛው ላይ ነበር። ኦብዱሊያ ምሳ አቅርባ እየጠበቀች ነው፤ መዝገቡ ተቆልፏል፤ የሚወደው ሰው እየሳቀ ነው። አሥራ ስድስቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው። «የወጪ ደረሰኙን ሰኞ እጽፈዋለሁ» አለ።

«ሰኞ ባሕር ላይ ነኝ። ስመለስ እፈርምልሃለሁ።»

ሳን አማሮ ሰኞ ጠዋት ወጣች። ከቀትር በኋላ፣ ፕሪዮር ከሚባለው የባሕር ዳርቻ ጫፍ ባሻገር፣ ፍጥነት ጨምሩ የሚል ትእዛዝ ወረደ። የእንፋሎቱ ሙቀት ወደ ላይ ሲወጣ የቫልቩ ክዳን በአንድ ጊዜ ተወነጨፈ። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበሩ። የተረፈው አንድ ነው። በኋላ ሲናገር እንዲህ አለ፦ «አለቃው ከመሰላሉ ሥር ነበር፤ ሁለት እርምጃ ቢወጣ ይተርፍ ነበር። እኔን በቀበቶዬ ይዞ ወደ ላይ ወረወረኝና ተመልሶ ገባ። ‹ሱሶ! ሱሶ!› እያለ ሲጣራ ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት ነገር የለም።» ሱሶ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት እሳት አንዳጅ ነበር።

ማክሰኞ ጎታች ጀልባ መርከቧን ስቦ ሲያስገባ የከተማው ሰው በዝናብ ውስጥ መድረኩ ላይ ቆሞ ነበር። ማንም አልጮኸም። ኦብዱሊያ የባሏን ክንድ ጨብጣለች። አምስቱ የሬሳ ሣጥኖች ተቸንክረው ነው የወጡት፤ ለዘመድ አይከፈቱም ተባለ።

ባልቢኖ በማግስቱ ከሁሉም ቀድሞ መጋዘን ገባ። የቡና ቆርቆሮውን አወጣ፤ ሦስት ዳዶዎች ቀርተዋል። ማግኔቷን አስጠጋ። አልያዘችም። ገልብጦ አስጠጋ። አልያዘችም። ሞረዱን አንስቶ አንድ ጊዜ ጫር ሲያደርገው ከጥቁሩ ቀለም ሥር ቢጫ ብቅ አለ። ናስ ነበር። ናስ ለመብራት ሣጥን፣ ለባሕር ውኃ ቧንቧ ይሆናል፤ በዚያ እንፋሎት ፊት ግን እንደ ሰም ይለሰልሳል። ይህን ከባልቢኖ የበለጠ የሚያውቅ በወደቡ አልነበረም። ሦስቱን ዳዶዎች በኪሱ ከተተና ቆርቆሮውን ከቆሻሻ ጋር ጣለው።

መርማሪዎቹ በሦስተኛው ሳምንት ጠሩት። አንድ ሽበታም መኮንን የመጋዘኑን መዝገብ ከፊቱ ዘርግቶ ጠየቀው።

«ለዋናው የእንፋሎት ቫልቭ የሚሆን ዳዶ ከአንተ መጋዘን ወጥቷል?»

«መዝገቡ ላይ የለም፣ ጌታዬ።»

«መዝገቡ ላይ እንደሌለ አይቻለሁ። ታዲያ የሞተው አለቃ ከየት አገኘው?»

«እንጃ ጌታዬ። መርከበኛ ከየትም ይለቃቅማል።»

«አመሰግናለሁ። መሄድ ትችላለህ።»

ያቺን ቃል አስቦ አልተናገራትም፤ ከአፉ አመለጠች። ግን በወረቀት ላይ ሰፈረች። የመርማሪዎቹም ውሳኔ ባጭሩ ይህ ሆነ፦ የክፍሉ አለቃ ፋውስቲኖ ኦውቴይራል ምንጩ ያልታወቀ ዕቃ ሳያረጋግጥ በመግጠሙ ለራሱና ለአራት ሰዎች ሞት ተጠያቂ ነው። በወደቡ በር አጠገብ የመታሰቢያ ድንጋይ ሲቆም ስም የተቀረጸው የአራት ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ መከራው በጄኔሮሳ ላይ ወረደ። ሙጋርዶስ ትንሽ ናት፤ ሰው አይሰደብባትም፣ ይታለፋል እንጂ። ገዢዎቿ ሌላ ጠረጴዛ ለመዱ። የሱሶ እናት ኤርሚኒያ ግን አላለፈቻትም። በየሳምንቱ ዓርብ ጥቁር ለብሳ ከዓሣው ጠረጴዛ ፊት ትቆማለች። «ሱሶ» ትላለች። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ዞራ ትሄዳለች። ጄኔሮሳ ራሷን ደፍታ የዓሣ ቅርፊት ትፍቃለች። ይህ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ቆየ።

ባልቢኖ ይህን ያውቅ ነበር። እሑድ እሑድ ከኦብዱሊያ ጋር በጀልባ ተሻግሮ «እንደምን ዋልሽ ጄኔሮሳ?» እያለ እጇን ይጨብጣል፤ የሚያፈስ ጣሪያዋን ይደፍናል፣ እንጨት ይፈልጥላታል። ሰዎች «እንዴት ያለ አማች ነው!» ይሉታል። ምስጋናው እንደ እሾህ ይወጋው ነበር። ሥጋው እየመነመነ ሄደ፤ ሐኪሙ ጨጓራ ነው አለው።

ሐምሌ 1988 የመርከበኞች በዓል ማግስት ነው። ኦብዱሊያ የጎመንና የድንች ሾርባ አቅርባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። በዓሉን ጄኔሮሳ ዘንድ ውላ ነበር የተመለሰችው።

«ጠረጴዛዋን ልትዘጋ ነው» አለች። «ለኤርሚኒያ ስትል። ‹እኔን ማየት ብታቆም ያሽላት ይሆናል› አለችኝ። እስቲ አስበው፤ እሷ ለኤርሚኒያ ታዝናለች!»

ባልቢኖ ማንኪያውን አነሳ።

«ወንድሜ ግዴለሽ ሰው አልነበረም፣ ባልቢኖ። አንተም ታውቀዋለህ። ያንን ነገር አንድ ሰው ሰጥቶታል። የሚያምነው ሰው ነው የሰጠው፤ የሚያምነው ባይሆን ኖሮ ያየው ነበር። ያ ሰው የትም ይሁን የት፣ እንጀራው እንዴት ይዋጥለታል?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑን?»

«እኔ ነኝ የሰጠሁት። ቅዳሜ ቀን። ምሳ እየጠበቅሽኝ ነበር።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ቆርቆሮውን፣ ያላስጠጋትን ማግኔት፣ በሳቅ መታቀፉን፣ ለመርማሪው የተናገረውን። ኦብዱሊያ አላለቀሰችም። እስኪጨርስ ጠበቀች። ሾርባው ሳይነካ ከፊቱ አነሳች፣ ደፋችው፣ ሳህኑን አጥባ ወደ መደርደሪያው መለሰች። ካፖርቷን ለበሰች።

«ወዴት ነሽ?»

«ጀልባ ሳያመልጠኝ» አለችና ወጣች። ወደዚያ ቤት ለልብሷ እንጂ ለኑሮ ዳግም አልተመለሰችም።

ባልቢኖ በነጋታው ወደ ሽበታሙ መኮንን ቢሮ ሄደ። ሦስቱን ዳዶዎች ከጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። መኮንኑ አንዱን አንስቶ አገላብጦ አየና መልሶ አስቀመጠው።

«ይህ ጉዳይ ተዘግቷል።»

«ይከፈት ጌታዬ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሟቹ አይደለም።»

«ስማኝ። ሳን አማሮ በመጪው ዓመት ለአሮጌ ብረትነት ትሸጣለች። የዚያ ዓይነት መርከብ በዓለም ላይ አንድ ሁለት ቢቀር ነው። ለማን ብለን ነው የምንከፍተው?»

«ለጄኔሮሳ።»

መኮንኑ ዳዶዎቹን ወደ ባልቢኖ ገፋቸው። «ሎውሬይሮ፣ ቤትህ ግባ» አለው። «ይህን እዚህ እንዳልተናገርክ እቆጥረዋለሁ። ደግ እያደረግኩልህ ነው።»

«ደግነቱን አልፈልገውም።»

«እሱ ያንተ ፈንታ ነው። ዳዶዎችህን ይዘህ ውጣ።»

ስለዚህ ባልቢኖ የቀረውን ብቸኛ ነገር አደረገ። ዓርብ ዕለት በጠዋቱ ጀልባ ወደ ሙጋርዶስ ተሻገረ። ገበያው ሞቋል። ጄኔሮሳ ከጠረጴዛዋ ጀርባ ቆማለች፤ ኦብዱሊያም ሽርጥ አስራ አጠገቧ ናት። ሁለቱም አዩት፤ ሁለቱም አላናገሩትም። ጄኔሮሳ ሁሉን ነገር እንደሰማች ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። ባልቢኖ ቆቡን አውልቆ፣ ሦስቱን ዳዶዎች በእጁ ይዞ ከጎን ቆመ።

በአራት ሰዓት ኤርሚኒያ መጣች። እንደ ወትሮዋ ቆመች። አፏን ልትከፍት ስትል ባልቢኖ ቀደማት።

«ኤርሚኒያ፣ ቆይ። እኔን ስሚኝ።»

«አንተ ማነህ?»

«የመጋዘኑ ሰው ነኝ። ፋውስቲኖ የገጠማቸውን ዳዶዎች የሰጠሁት እኔ ነኝ። ብረት መስሎኝ ነው፤ ናስ ነበሩ። ሳላይ ሰጠሁት። በኋላም ሲጠይቁኝ ዋሸሁ። የልጅሽ ደም በእኔ ላይ ነው፤ በፋውስቲኖ ቤት ላይ አይደለም።»

በዙሪያቸው ቢላዋ ይዞ የነበረ ቢላዋውን እንደያዘ ቀረ። ኤርሚኒያ እጇን ዘረጋች። «አምጣት» አለች። አንዷን ዳዶ መዳፏ ላይ አኖረላት።

«ይቺ ናት?»

«እሷን የመሰሉ ናቸው።»

«ናስ መሆኗ በምን ይታወቃል?»

«ማግኔት ሲያስጠጉ አይይዝም።»

«ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ማስጠጋቱ?»

«አንዲት ትንፋሽ» አለ ባልቢኖ።

«አንዲት ትንፋሽ» አለች ኤርሚኒያ። ጣቶቿን ጨበጠች፤ ዳዶዋ ከጡጫዋ ውስጥ እንዳለች ፊቱን መታችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙ በሸሚዙ ላይ ወረደ። እጁን አላነሳም። አይዞህ ያለውም፣ በቃሽ ያላትም አልነበረም።

ሲደክማት አቆመች። እያለከለከች ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ከጄኔሮሳ ጋር ተያዩ።

«አንድ ኪሎ ሰርዲን መዝኚልኝ» አለች ኤርሚኒያ።

ጄኔሮሳ መዘነች። ሚዛኑ አልቆም ብሎ ኦብዱሊያ ያዘችላት። ኤርሚኒያ ሰርዲኑን ተቀብላ ሄደች። ከዚያ ጄኔሮሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባልቢኖ ተመለከተች።

«ጣሪያዬን ስትደፍን» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «መሰላሉን የያዝኩልህ እኔ ነበርኩ። አስታውስ። አሁን ሂድ። ዓይንህን አታሳየኝ።»

ሄደ።

በወደቡ ማንም አልከሰሰውም፤ ወሬው ግን ከእሱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሰዎች ከመስኮቱ ፊት ወረቀታቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው ይቆማሉ። ቀልዱ ቀረ። የመጨረሻ ዓመቱን ያሳለፈው ያንን መጋዘን ባዶ በማድረግ ነው። ቁጥራቸውን በቃሉ ያጠናቸውን ዕቃዎች፣ ቀለበቱን፣ ፓምፑን፣ ቧንቧውን፣ ብረቱን ከብረት ናሱን ከናስ ለይቶ በጭነት መኪና ላይ ጫነ። እያንዳንዷን በማግኔት ይፈትን ነበር ይባላል፤ ለማቅለጫ የሚሄድ ዕቃ መሆኑን እያወቀ። ሳን አማሮና ሳንታ ኮምባ በአንድ ሳምንት ተጎትተው ሲወጡ መድረኩ ላይ አልነበረም። ታሞ ተኝቷል ተባለ።

የፋውስቲኖ ስም ከድንጋዩ ላይ አልተጻፈም። ኦብዱሊያ ስድስት ማመልከቻ አስገባች፤ ለአራቱ መልስ አልመጣም፣ ለሁለቱ መልሱ አይቻልም የሚል ነበር። የአራቱ ሟቾች ቤተሰቦች ግን በየዓመቱ በየካቲት ቅዳሴ ሲያስደርጉ ለቄሱ አምስት ስም ይሰጣሉ። አምስተኛውን፣ የፋውስቲኖን፣ ባልቢኖ ገበያ ላይ ከተናገረ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ያስጻፈችው ኤርሚኒያ ናት። ጄኔሮሳና ኦብዱሊያ አብረው ኖሩ፤ ጠረጴዛውም አልተዘጋም።

ባልቢኖ ካኒዶ በሚባል የፌሮል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ስምንት ዓመት ኖረ። በ1996 መኸር ጨጓራ የተባለው ነገር ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሆስፒታሉ ለሚስቱ ደወለ፤ በሕግ አልተፋቱም ነበርና። ኦብዱሊያ መጣች። አራት ቀን በአልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግለታለች፣ ከንፈሩን በውኃ ታረጥብለታለች። በሦስተኛው ቀን ነቃ ብሎ፦

«ኦብዱሊያ፣ ለኔ ብለሽ ነው የመጣሽው?» አላት።

«አላውቅም» አለችው። «አትናገር፤ ያደክምሃል።»

በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሞተ። ፋውስቲኖ በተቀበረበት በሙጋርዶስ አይቀበርም ብላ ኦብዱሊያ ወሰነች፤ በፌሮል ተቀበረ። ቀብሩ ላይ ሰባት ሰው ነበር። አንዱ በዚያን ቀን ከቦይለር ክፍል የተረፈው ሰው ነው፤ ከኋላ ቆሞ ቆየና ማንንም ሳያነጋግር ሄደ። ኦብዱሊያ አፈሩ እስኪደለደል ጠበቀች፣ ቀባሪዎቹን አመሰገነች፣ ጥላዋን ዘርግታ ወደ ወደቡ ወረደች። በማግስቱ የገበያ ቀን ስለነበር፣ የዚያኑ ዕለት በአሥር ሰዓቱ ጀልባ ወደ ሙጋርዶስ ተሻገረች።